ዕድሜው የተጻፈበት ወይን፣ ዕድሜው ያልተጻፈበት ጠጅ

እዚህ ስፔን ስኖር በጣም የምቀናው ወይን ጠርሙስ ጀርባ ላይ በምትለጠፈው ትንሽ ወረቀት ነው። የአካባቢው ተቆጣጣሪ ምክር ቤት ማኅተም አለባት። ወይኑ የየት እንደሆነና ስንት እንደቆየ ትናገራለች።

ሰሞኑን የቀመስኩት ከሰሜን ስፔን፣ ከሪዮሃ የመጣ ቀይ ወይን ነው። ከአሮጌ የወይን ግንዶች የተለቀመ ሬሰርባ፣ ማለትም በደንብ የተወሰነ ዕድሜ የቆየ ወይን። ብርጭቆውን ዘንበል ስታደርጉት ጠርዙ የጡብ ቀለም ይይዛል። መጀመሪያ የሚሸተው ቫኒላ ነው። ቆየት ሲል የደረቀ ፕሪም፣ ከዚያ ቆዳና ትምባሆ ይመጣል። አፍ ሞልቶ ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ ድድ ያዝ ያደርጋል፣ ግን አይጎረብጥም።

ቫኒላው የበርሜሉ ሥራ ነው። ሪዮሃ ከድሮ ጀምሮ ለበርሜል የአሜሪካ ኦክ የሚባለውን ዛፍ እንጨት ይወዳል። 225 ሊትር በሚይዘው በርሜል እንጨት በኩል ጥቂት ጥቂት አየር ይገባና ያንን ድድ የሚይዘውን ነገር ያለዝበዋል። ያ ሙላቱ ግን ከግንዱ ነው። ያረጀ ተክል ፍሬው ጥቂት ነው፤ ጣዕሙም የታመቀ። ገበሬው ነቅሎ ወጣት ቢተክል ብዙ ኪሎ ይለቅም ነበር። አሮጌውን ያቆየ ሰው ገቢ እየቀረበት ነው።

ይህን ሰው ደንቡ ያስታውሰዋል። ሪዮሃ በፈረንጆቹ 2017 ለልዩ ማሳዎች መለያ ሲያወጣ ተክሉ ቢያንስ 35 ዓመት እንዲሞላው፣ ለቀማውም በእጅ እንዲሆን አዘዘ። ቀይ ወይን ሬሰርባ ለመባል ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት አለበት፤ ከዚያ ውስጥ 1 ዓመት በኦክ በርሜል። ከሱ በላይ ያለው ግራን ሬሰርባ ከሆነ 5 ዓመት፣ 2ቱ በበርሜል።

እኛ ዘንድ እውቀቱ ሞልቷል። ጠጅ የምትጥል እናት ጋኑን በወይራ ታጥናለች። ማሩን በጣቷ ቀምሳ ከየት እንደመጣ ትነግራችኋለች። ጌሾው መቼ እንደሚወጣ፣ ጠጁ መቼ እንደሚደርቅ ታውቃለች። ይህ ሁሉ ግን እሷው ጋ ይቀራል። ገዢው «ስኳር የለበትም አይደል?» ይላል፣ «ኧረ ንጹህ ማር ነው!» ይባላል፣ አለቀ። ውጭ አገር ታሽጎ የሚሸጥ ጠጅ ገዝቼ ምላሴ ላይ ስኳሩ ብቻ የቀረበት ጊዜ አለ። ጠርሙሱ ላይ የሚያምር ብርሌ ተስሏል፤ ስለ ማሩ አንድ ቃል የለም። ያናድዳል።

በነገራችን ላይ አገር ቤት ወይን በኮካ የሚጠጣን ሰው «አያውቅበትም» ማለት እንወዳለን። የሪዮሃ ጎረቤቶች ባስኮች ያንኑ ቀላቅለው ካሊሞቾ ይሉታል፤ በየበዓሉ በትልቅ ኩባያ ይጠጡታል። የሚያፍር የለም። ሬሰርባውን ግን ኮካ አያስነኩትም፤ የቱ ለምን እንደሆነ ወረቀቷ ነግራቸዋለች።

ለጠጃችንም የምመኘው ይህንኑ ነው። ማሩ የትግራይ ነጭ ማር ነው ወይስ የካፋ የጫካ ማር? በየትኛው ወር ተጣለ? ስኳር ከገባበትም ይጻፍ፣ ነውር የለውም። ለመጀመር አዋጅ አይጠበቅም፤ አንድ ጠጅ ቤት በእጅ ጽፎ ጠርሙሱ ላይ ቢለጥፍ ይበቃል። እንዲህ ያለ ጠጅ ካገኘሁ የሬሰርባውን ዋጋ ሳላቅማማ እከፍላለሁ።