ያለ ደመወዝ የተጫወቱት ዓመታት

ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ ዋንጫ ቆጠራ ይገባል። ደጋፊው የሊጉን ዋንጫ ስንት ጊዜ እንደበላ ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁትም አይስተውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው፣ ተጫዋች ለፍቅር ብቻ የተጫወተበትና እኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር የምናልፈው ዘመን ነው።

ጊዜውን ልብ በሉት። ጣሊያን የመረብን ወንዝ የተሻገረው በመስከረም 1928 ዓ.ም. ነው። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ከአራዳ ልጆች ጋር ክለቡን የመሠረቱት በዚያው ዓመት በታኅሣሥ፣ አገር ክተት ተብሎ በዘመተበት ወቅት ነው። ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ክለቡ ገና የአምስት ወር ጨቅላ ነበር። ስሙን የወሰደው ከሰፈሩ ደብር፣ ታቦቱ ዓድዋ ከዘመተው ከአራዳ ጊዮርጊስ ነውና ወራሪው ይህን ስም ሊታገሥ አልቻለም። «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል ተደረገ። ሊቶሪዮ ከፋሽስቶቹ አርማ የተወሰደ ቃል ነው። የአራዳ ልጆች የገዛ ሰፈራቸው ስም ከዚህ ቃል ጋር ተጣብቆ ሲጠራ እየሰሙ ሜዳ ይገቡ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴን ይበላኛል። ነፃነት ሲመለስ ስሙም ተመለሰ። በደርግ ዘመን ደግሞ እንደገና ተነጥቆ ክለቡ በቢራ ፋብሪካ ስም ተጫውቷል።

በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ነበሩ፦ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን እና ጊዮርጊስ። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። ከአምስቱ የአገሬው ልጆች ቡድን አንዱ ብቻ ነበር።

ይድነቃቸው ተሰማ የወጣው ከዚህ ቡድን ነው። 23 ዓመት አንድ ማልያ ለብሶ በ365 ጨዋታ 318 ጎል አስቆጥሯል። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን ብሔራዊ ቡድን ያሠለጠነውና ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞቱ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የመራው እሱ ነው። ትምህርት ቤቱ ያ ደመወዝ የሌለው ቡድን ነበር።

እኔ ባደግሁበት ሰፈር አንድ ጥንድ ታኬታ ለሁለት እንካፈል ነበር። ጓደኛዬ ግራኝ ስለነበር የግራውን እግር ይወስዳል፤ እኔ የቀኙን አጠልቄ ሌላውን እግሬን በሸራ ጫማ እገባለሁ። ከጨዋታ በኋላ ጭቃውን በእንጨት ፍቀን፣ በጋዜጣ ጠቅጥቀን፣ ለአንድ ሳምንት እሱ ቤት ለአንድ ሳምንት እኛ ቤት እናሳድረዋለን። ያ የሰፈራችን ቡድን ፈርሷል፤ የት እንደተጫወተ የሚያሳይ አንዲት ወረቀት እንኳ የለም።

ዛሬ አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የቆሙት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅቶች በጀት ነው። በጀቱ ሲዘገይ ልምምድ ይቆማል። ተጫዋች ደመወዙን መጠየቁ መብቱ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ክለብ ከሰፈር ሰው ጋር ያለው ዝምድና ሲላላ በጀት ብቻውን አያቆመውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ክለብ ለዝውውር ከሚመድበው ገንዘብ ጥቂት ቀንሶ አንድ ጸሐፊና አንድ መቅረጸ ድምፅ ይመድብ። ጸሐፊውም ጃን ሜዳ ላይ ኳስ ያዩ፣ የቀድሞ ተጫዋቾችን ማልያ ያጠቡ፣ ፎቶግራፋቸውን በሣጥን ያኖሩ ሰዎች ቤት ይሂድ። ከአረጋውያኑም ይጀምር፤ በዚህ ክረምት።