ጋሽ ቤዝ ይኑሩልን

ሁሉም ለራሱ በሚሮጥበት በዚህ ዘመን ለጎረቤቱ ብሎ ብር የሚያወጣ ሰው ጠፋ ይባላል። ሐሰት ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ይምጡና ከእኛ አንድ ፎቅ ከፍ ብለው የሚኖሩትን አባወራ ይዩ። የክርስትናም የመታወቂያም ስም አላቸው፤ የሰፈሩ ልጆች በሙዚቃ ማጫወቻቸው ወፍራም ድምፅ፣ በቤዙ፣ «ጋሽ ቤዝ» ካሏቸው ወዲህ ግን ሁለቱንም የሚያስታውስ የለም። ዛሬ የማመሰግነው እሳቸውንና በየብሎኩ ያሉ መሰሎቻቸውን ነው። ብዙ ናቸው፤ እግዜር ይጨምርልን፣ ብቻ ለሌላው ብሎክ።

ማጫወቻው ከነስፒከሩ የተገዛ ዕለት አብሬያቸው ነበርኩ፤ እማኝ ነኝ። ከፒያሳ ጀምረን መርካቶ ዱባይ ተራ ነው የጨረስነው። ጋሽ ቤዝ በየሱቁ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «ስንት ዋት ነው?» አንዱ 3,000 ሲላቸው እንደተሰደበ ሰው ፊታቸውን አዞሩ። ሌላው 8,000 አለ፤ አገጫቸውን አሻሹ። የመጨረሻው «12,000 ነው አባቴ፣ ከዚህ በላይ አገር ውስጥ አልገባም» ብሎ ቁልፉን ሲጫነው ዕቃው ከላይ እስከ ታች በቀይና በሰማያዊ መብራት ተንቦገቦገ። ዋጋ ሳይጠይቁ እጃቸው ኪሳቸው ገባ።

እኔ ሞኙ፣ የማውቀውን ዘፈን በፍላሽ ይዤ ሄጄ ነበር። ማሲንቆ ያለበት፣ የዘፋኙ ትንፋሽ የሚሰማበት፣ ዝግ ቢያደርጉት እንኳ ቃሉ የሚለይ። ስፒከር ጆሮ በለመደው ዘፈን ነው የሚፈተነው፤ የሰው ድምፅ የሰው ድምፅ ይመስላል ወይስ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል ተብሎ። ሻጩ ፍላሼን እንደ ሐሰተኛ ብር አገላብጦ አየና መለሰልኝ፤ የራሱን ሰካ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ዘፈን ሳይሆን የሱቁን መስታወት ነው። ጋሽ ቤዝ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ። «መታኝ» አሉ። «ጠቅልልልኝ።» ሐኪም ቤት ቢሆን ኖሮ ያስተኟቸው ነበር።

ስለ 12,000ው ዋት ትንሽ ላውራ፤ የጋሽ ቤዝ ኩራት ያለው እዚያ ላይ ነውና። ባለቤታቸው እንጀራ የሚጋግሩበት ምጣድ፣ ያ ሲጣድ አምፖሉን የሚያደበዝዘው፣ ወደ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ የቆመው ዕቃ ከሦስት ምጣድ ይበልጣል ማለት ነው። ሆኖም ፍሪጁና የስልክ ቻርጀሩ በተሰኩበት ማከፋፈያ ላይ፣ ከጫማ ማሰሪያ ባልወፈረች ገመድ፣ ያለ አንዳች ችግር ይሠራል። ምስጢሩን ፍለጋ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ወረቀት አነበብኩ፦ 65 ዋት ትላለች። ፊቱ ለእንግዳ፣ ጀርባው ለመብራት ኃይል።

ይህን ተአምር የሚሠራው «ፒኤምፒኦ» የሚሉት ቆጠራ ነው። ዕቃው በዓይን ጥቅሻ ለምታህል ጊዜ ያወጣዋል የተባለው ጉልበት፣ የስፒከሮቹ ሁሉ ተደምሮ፣ አምራቹ ደስ ባለው መንገድ ይባዛል። ሳያቋርጥ የሚያወጣውን ጉልበት የሚናገረው «አርኤምኤስ» የሚባለው ቁጥር ደግሞ መመሪያው ውስጥ በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል፤ መመሪያው ካርቶኑ ውስጥ፣ ካርቶኑ አልጋ ሥር ነው። ያም ሆኖ ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ የሚያድገው በ3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ከፍ አለ መሰለኝ» የሚልበት ያህል። እጥፍ ጮኸ እንዲባል ዋቱ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ይህን ስነግራቸው ጋሽ ቤዝ በርኅራኄ አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ በትንሽ ቁጥር የተከበረ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

አላየሁም።

አቀማመጡ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ሌላው ዓለም ሁለቱን ስፒከርና ሰሚውን ሦስት ማዕዘን አድርጎ፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣዋን ትዊተር ከጆሮ እኩል አስተካክሎ ይቀመጣል። ጋሽ ቤዝ ግራውን ልጆች እንዳይነኩት ቡፌው ጫፍ ላይ፣ ጣሪያው ሥር ሰቅለውታል፤ ቀኙ ቦታ ስላጣ ከበሩ ኋላ ቆሟል። ስለዚህ ሳክስፎኑ ከሰማይ ይወርዳል፤ ክራሩ ደግሞ ደረጃ ለሚወጣ ሰው ሁሉ ይታደላል። የኋላዎቹ ሁለቱ ሶፋው ሥር ናቸው። ከዋናው ዕቃ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው አጠገብ የልጃቸው የምረቃ ፎቶ። ከስፒከሩ ፊት ላይ ያለችው ላስቲክ እስከ ዛሬ አልተላጠችም፤ በቤዙ ቁጥር ትርገበገባለች። (በላስቲኩ አልስቅም። የኔ ቲቪ ሪሞት ከተገዛ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አሁንም በፌስታል ተጠቅልሎ በጎማ ታስሯል።)

እንግዲህ ወደ ቸርነታቸው ልምጣ። ቀጭን ድምፅ መጋረጃና ሶፋ ያስቀረዋል፣ ግድግዳም ያግደዋል። ወፍራሙ ግን በቀላሉ አይታገድም። በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ የቤዝ ድምፅ፣ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ወደ 7 ሜትር ይጠጋል፤ የጋሽ ቤዝ ሳሎን ግን ከአራት ሜትር አይበልጥም። ዘፈኑ ከነቃሉ እሳቸው ጋ ይቀራል፣ ቤዙ በወለሉና በብሎኬቱ አልፎ እኛ ጋ ይደርሳል። ከዚህ የበለጠ ምን ማካፈል አለ? ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ግጥም ሳልሰማ ዘፈኖቹን ሁሉ በምታቸው ለይቼ አውቃቸዋለሁ። ልጄ ቁጥር መቁጠር የተማረው በዚህ ነው።

ከዘፈኖቹ ጥላሁን ገሠሠ አይጠፋም። ጋሽ ቤዝ ግን ሸክላው በደቂቃ 45 ዙር ሲሽከረከር ከሰሙት ሰዎች አይደሉም፤ ከቴሌግራም ነው የሚያወርዱት። የወረደው ፋይል በሴኮንድ የሚይዘው መረጃ 128 ኪሎቢት ነው። ሲዲ በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት ይይዛል። ከአሥራ አንድ ጉርሻ አንዷን አስቀርቶ ሌላውን የጣለ ዘፈን ነው በ12,000 ዋት የሚጮኸው። ያ ሁሉ ማሽን የሚያገለግለው ጥራቱን አይደለም፣ ጉድለቱን ነው፤ ጉድለቱን በግልጽ ለማሰማትማ ወደር የለውም።

እንክብካቤውን ላነሳ ነበር። በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ ከውጭ። ሙቀቱ የሚወጣባቸው የጀርባው ቀዳዳዎች «አቧራ እንዳይገባ» በዳንቴሉ ተሸፍነዋል፤ ሙቀቱም በክብር ውስጥ ይቆያል። ትዊተሯ ሦስት ጊዜ ተቃጥላለች። ሠሪው ምን አለሽ ተራ ድረስ ሄዶ መለዋወጫ እየፈለገ ምክንያቱን ነግሯቸው ነበር፦ ድምፁ እስከ ጫፍ ሲከፈት ድምፅ አጉሊው አምፕ አቅሙ ያልቅበትና የሞገዱን አናት ይቆርጠዋል፤ ከዚያ መቆረጥ የሚፈጠረው ሹል ድምፅ ሁሉ ትዊተሯ ላይ ያርፋል፣ እሷም ትነድዳለች። ጋሽ ቤዝ በጥሞና አዳመጡት። ከዚያ ስፒከሩን በጥፊ መቱት፤ ከዚህ ቀደም በጥፊ የዳነ ሬዲዮ ነበራቸው።

አንድ እሑድ ቤዙ ጠፋ። ብሎኩ ደነገጠ፤ ታመሙ እንዴ ብሎ ሊጠይቅ የወጣም ነበር። ነገሩ ሲታይ፣ ቤት ሲወለወል የአንዱ ስፒከር ሽቦ ተነቅሎ፣ ቀዩ በጥቁሩ ጥቁሩ በቀዩ ቦታ ተመልሶ ገብቷል። እንዲያ ሲሆን አንዱ ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ መሃል ላይ ይጠፋፋል። ማገላበጡ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ጋሽ ቤዝ ግን ችግርን በደቂቃ የሚፈቱ ሰው አይደሉም፤ መርካቶ ወርደው ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር፣ ሳብዉፈር፣ ጨመሩ። ከሳምንት በኋላ የልጅ ልጃቸው ሽቦውን ሲጫወትበት ትክክለኛው ቦታ ላይ ሰካው። በዚያው ቅጽበት የሠርጋችን ፎቶ ከግድግዳ ወረደ።

ሌሊት ዘብ የሚሆኑንም እሳቸው ናቸው። መብራት ሲሄድ ዕቃውን አያጠፉትም፤ ዝም ብለው ይተኛሉ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ለብሎኩ የምታበስረው ዕቃው ሲበራ የምትናገረው ያቺ ፈረንጅ ሴትዮ ናት፣ በሙሉ ድምፅ፦ «ዘ ብሉቱዝ ዲቫይስ ኢዝ ሬዲ ቱ ፔር።» ተነስተን ስልካችንን ቻርጅ ላይ እንሰካለን። በዚህስ እውነትም ጠቅመውናል።

ባለፈው ወር የብሎኩ ኮሚቴ ስብሰባ ጠራ። አጀንዳው «ድምፅ» መሆኑን ማስታወቂያው ላይ ሳነብ ልቤ መታ፣ ለአንድ ጊዜ በራሱ ምት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን ፈልጌ አገኘሁ፤ በመኖሪያ ሰፈር ድምፅ ቀን ከ55፣ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል አይለፍ የሚለውን ደረጃ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወረድኩ።

ከሳሹ ጋሽ ቤዝ ነበሩ። አምስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ቡና የሚወቅጡበት ሙቀጫ ሙዚቃቸውን እየረበሸባቸው ተቸግረዋል። «ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በሰላም ማዳመጥ ካልቻለ...» አሉና ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። መንቀጥቀጥ የለመድነው ነገር ስለሆነ ማንም አልደነገጠም። እትዬ አንገታቸውን ደፉ። ሙቀጫው ታች፣ የጋራ መገልገያው ጋ እንዲወርድ ተወሰነ፤ ፈረምን። እኔም ፈረምኩ፣ ወረቀቴ ኪሴ ውስጥ እንደታጠፈች።

አሁን እትዬ ሙቀጫቸውን ታቅፈው አምስት ፎቅ ይወርዳሉ። ትናንት በዚያ ሳልፍ ቆም ብዬ ሰማሁ፤ ዘነዘናው ከላይ ከሚመጣው ቤዝ ጋር እኩል እያነሳ እኩል ያርፋል።

«እንዴት ነው እትዬ?» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ» አሉኝ ሳያቋርጡ፤ «ከሳቸው ምት ወጥቼ ስወቅጥ አይልምልኝም።»