«ኖርማል ነው» የሚለው የሆርሞን ውጤት

ዕድሜዋ ከ45 ያለፈ፣ የወር አበባዋ አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ የሚመጣባት፣ ከደረቷ ወደ ፊቷ የሚወጣ ድንገተኛ ሙቀት የሚያስቸግራት ጤነኛ ሴት፣ ወደ ማረጥ መቃረቧን ለማወቅ የሆርሞን ምርመራ አያስፈልጋትም። ይህን የምለው ከራሴ አይደለም። ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለሐኪሞች የሚለው ይህንኑ ነው። ምርመራው ግን አሁንም ይታዘዛል፤ «የማረጥ ፓኬጅ» እየተባለም ይሸጣል።

ብዙ ጊዜ የሚለካው ኤፍኤስኤች የሚባለው ሆርሞን ነው። የሚመነጨው አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ ሲሆን ሥራው እንቁልጢን፣ ማለትም የሴቷን እንቁላል የሚያመርተውን አካል፣ መቀስቀስ ነው። እንቁልጢ ሲደክም ዕጢዋ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ ቁጥሩም ይጨምራል። ችግሩ እንቁልጢ በአንድ ቀን ሥራ አያቆምም። አንዱን ወር ያንቀላፋል፣ በቀጣዩ ከልክ በላይ ይሠራል፤ በዚህ ወቅት እንቁልጢ የሚያመነጨው የሴት ሆርሞን፣ ኢስትሮጅን፣ ከወጣትነት ዘመኑ በልጦ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ዛሬ ከፍ ያለው ኤፍኤስኤች ከሦስት ሳምንት በኋላ ወርዶ ሊገኝ ይችላል።

የውጤት ወረቀቱ ራሱ ይህን ይናገራል። ለሌሎች ምርመራዎች በስተቀኝ አንድ መደበኛ መጠን ይጻፋል። ለኤፍኤስኤች ግን አብዛኛውን ጊዜ አራት ነው፦ ለወር አበባ ዑደት መጀመሪያ፣ ለአጋማሹ፣ ለመጨረሻው፣ ካረጡ በኋላ ላለው ጊዜ። ደሙ የተወሰደው በዑደቷ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ካልተጠየቀች ቁጥሩ ከየትኛው ጋር ይነጻጸራል?

ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በላብ ተነክራ እየነቃች እንቅልፍ ያጣች ሴት «ሁሉም ኖርማል ነው፣ ጭንቀት ይሆናል» ተብላ ስትሸኝ፣ ከእሷ ቃል ይልቅ ወረቀቱ ታመነ ማለት ነው። በተቃራኒው ቁጥሩ ከፍ ብሎ «አርጠሻል» የተባለችው የወሊድ መከላከያዋን ትታ ልታረግዝ ትችላለች። ማረጥ የሚረጋገጠው የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር ነውና። (ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚዋጠው ባዮቲንም የአንዳንድ ላቦራቶሪ ምርመራዎችን ውጤት ያዛባል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 አስጠንቅቆበታል። ስለሱ የሚጠይቅ ሐኪም ብዙ ያለ አይመስለኝም።)

ምርመራው የግድ የሚሆንላቸውም አሉ። ከ40 ዓመቷ በፊት የወር አበባዋ የተቋረጠባት ሴት መጀመሪያ የእርግዝና፣ ቀጥሎ የኤፍኤስኤች ምርመራ ያስፈልጋታል። ያለጊዜው የሚመጣ የኢስትሮጅን እጥረት አጥንትንና ልብን ስለሚጎዳ፣ ተለይቶ ካልታወቀ ሕክምናው ያመልጣል። ከ40 እስከ 45 ላሉትም ምልክት ካላቸው ሊጠቅም ይችላል። እኔን የሚያናድደኝ፣ ለማያስፈልጋቸው በገፍ የሚታዘዘው ምርመራ ለእነዚህ ሲሆን «ገና ልጅ ነሽ» ተብሎ መዘግየቱ ነው።

ከ45 በላይ ላለችው ደም ከተወሰደ አይቀር የሚጠቅመውን መመርመር ይሻላል። ከልክ በላይ የሚሠራ ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ያልባል፣ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የወር አበባንም ያዛባል፤ ከማረጥ ምልክት ጋር በቀላሉ ይምታታል። ደም በብዛት ለሚፈሳት ሴት ድካሙ ከብረት እጥረት ሊሆን ስለሚችል ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን (የደም ማነስንና የብረት ክምችትን የሚያሳዩ ምርመራዎች) ይታዩ። በማረጥ አካባቢ መጥፎው ኮሌስትሮል ስለሚጨምር እሱንም ከስኳር ጋር መለካት ተገቢ ነው።

ሐኪሙ የሆርሞን ምርመራ ሲያዝ «ውጤቱ ሕክምናዬን ይለውጠዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ለድንገተኛው ሙቀትና ለላቡ የሚሰጠው ሕክምና የሚወሰነው በምልክቱ ክብደትና በጤና ታሪኳ ነው፤ የኤፍኤስኤች ቁጥር አይወስነውም። የወር አበባዋ ከቀረ ዓመት አልፎት እንደገና ደም ያየች ሴት ደግሞ የሆርሞን ውጤት ስትጠብቅ ቀን ማባከን የለባትም፤ የማህፀን ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ ስላለበት ማህፀኗ ቶሎ ይታይላት።