ነዥሜትዲኖቭን ግራንድ ማስተር አታድርጉት

በየካቲት 2024 (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ ከሞተ 58 ዓመት ገደማ ለሆነው ሚር ሱልጣን ካን የክብር ግራንድ ማስተር ማዕረግ ሰጠ። ግራንድ ማስተር በቼዝ ትልቁ ማዕረግ ነው። ዜናውን ሳነብ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ሌላ ስም መጣብኝ፤ ራሺድ ነዥሜትዲኖቭ። «እሱስ?» አልኩ። ቼዝ አብረውኝ የሚጫወቱ ጓደኞቼም ይህንኑ ነው ያሉት። «ለሱልጣን ካን ከተሰጠ ለነዥሜትዲኖቭማ እንዴት ይከለከላል?»

ያን ጊዜ ተስማምቼ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ማዕረጉ ባይሰጠው ይሻላል። ይህን የምለው ሰውየውን አሳንሼ አይደለም። እንዲያውም ከሶቪየት ቼዝ ሰዎች ሁሉ አንድ ምረጥ ብባል የምመርጠው እሱን ነው።

ብዙ አንባቢ ስሙን ሰምቶት ስለማያውቅ ከመነሻው ልጀምር። ነዥሜትዲኖቭ ታታር ነው። በታኅሣሥ 1912 ዛሬ ካዛኪስታን ውስጥ በምትገኘው አክቶቤ ተወለደ። እናት አባቱን ያጣው ገና ሕፃን ሳለ ነው። በ1921 በቮልጋ አካባቢ የገባው ረሃብ ስንት ሕፃን እንደፈጀ ታሪክ ይናገራል። ከዚያ ዘመን በሕይወት የተረፈው በዘመድ እጅና በሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ታላቅ ወንድሙ ካቪ ናጅሚ የታወቀ የታታር ጸሐፊ ነበር፤ ትንሹን ልጅ ወደ ካዛን የወሰደው እሱ ነው። ልጁ ቼዝን የለመደው ካዛን ውስጥ ነው። ዳማንም እዚያው ለመደ። እኛ ሰፈር በቆርኪ የምንጫወተው ዳማ ሩሲያ ውስጥ ሻምፒዮናና ማዕረግ ያለው ትልቅ ስፖርት ነው። ነዥሜትዲኖቭ በሁለቱም፣ በቼዝም በዳማም፣ የማስተርነት ማዕረግ ያገኘ ሰው ነው።

ቀጥሎ ጦርነት መጣ። አንድ ተጫዋች የሚበስልባቸውን ዓመታት በወታደርነት አሳለፈ። የሩሲያ ሪፐብሊክ ሻምፒዮን ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነው በ1950፣ በ37 ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ በ1951፣ በ1953፣ በ1957 እና በ1958 ደገመው። አምስት ጊዜ ማለት ነው። ይህ ከመላው የሶቪየት ኅብረት ሻምፒዮና ጋር መምታታት የለበትም። የሶቪየቱ ሻምፒዮና ቦትቪኒክ፣ ኬሬስ፣ ስሚስሎቭ፣ ፔትሮስያን የሚፋለሙበት ነው። በዚያም ላይ ነዥሜትዲኖቭ በተደጋጋሚ ለፍጻሜ ደርሷል፤ አሸንፎት ግን አያውቅም።

አሁን ወደ ጨዋታው ልሂድ። ስለዚህ ሰው የሚወራው ሁሉ ጨዋታውን ሳያዩ ባዶ ነው።

ሶቺ፣ 1958፣ የሩሲያ ሻምፒዮና። ነጭ የያዘው ሌቭ ፖሉጋዬቭስኪ ነው። ያኔ 23 ዓመቱ ነው፤ በኋላ ከዓለም ምርጦች አንዱ ሆኗል። ጥቁር የያዘው ነዥሜትዲኖቭ 45 ዓመቱ ነው። ጥቁር ወታደሮቹን በንጉሡ በኩል ወደፊት ገፋ፣ ገፋ። ንግሥቱን ነጭ ንጉሥ አጠገብ ድረስ አስገባ። የነጭ ንጉሥ መደበቂያ ስላጣ ወደ ሰሌዳው መሐል መሸሽ ጀመረ። 24ኛው እርምጃ ላይ ፖሉጋዬቭስኪ ሩኩን (ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ጠጠር) ወደ ጥግ ወስዶ የጥቁርን ንግሥት አስፈራራ። ማንኛችንም ብንሆን እዚህ ጋ ንግሥቷን እናሸሻለን። ሌላ ምን ይደረጋል?

ነዥሜትዲኖቭ ንግሥቱን እዚያው ተዋት። በሩኩ አንዲት ወታደር በላ። ፖሉጋዬቭስኪ ንግሥቷን ሲበላት ሩኩ ቼክ አለ፤ ንጉሡን አስፈራራ ማለት ነው። ንጉሡ አንድ እርምጃ ሄዶ በሰሌዳው እምብርት ላይ ቆመ። እዚህ ድረስ ድፍረት ነው፤ ደፋር ሰው ብዙ አለ። እኔን የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ንግሥቱን የከፈለ ሰው ቼክ በቼክ ላይ እየደራረበ ያጣድፋል ብለን ነው የምንጠብቀው። እሱ ግን ቢሾፑን፣ በሰያፍ የሚሄደውን ጠጠር፣ አንድ ቤት ወደኋላ መለሰ። ቼክ የለውም። የሚበላው ነገር የለም። ዝም ያለ እርምጃ ነው። ነጭ የፈለገውን እንዲያደርግ ሙሉ ተራ ሰጠው። ፖሉጋዬቭስኪ ንግሥት ተርፎት፣ ተራም ተሰጥቶት፣ የሚያድነው አንድም እርምጃ አላገኘም። ከዚያ በኋላ ንጉሡ እየተነዳ እስከ ሰሌዳው ጫፍ ሄደ። 33ኛው እርምጃ ላይ፣ ሜት ሊባል፣ ማለትም ንጉሡ ማምለጫ አጥቶ ጨዋታው ሊያበቃ፣ አንድ እርምጃ ሲቀረው፣ ፖሉጋዬቭስኪ እጁን ሰጠ።

ይህን ጨዋታ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። እያወቅኩትም ቢሾፑ ወደኋላ ሲመለስ ልቤ ይመታል።

ሁለተኛው ጨዋታ በ1962 ሮስቶቭ ላይ ከኦሌግ ቼርኒኮቭ ጋር ያደረገው ነው። ስለሱ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ገና 11ኛው እርምጃ ላይ ቼርኒኮቭ ቢሾፑን አምጥቶ የነጭን ንግሥት አስፈራራ። ነጭ ንግሥቱን ቢያሸሽ ቢሾፑ ይመለሳል፣ ንግሥቷም ትመለሳለች፣ ያው ቦታ እየተደጋገመ አቻ ይወጣል። ሁለቱም ነጥብ ተካፍለው ለምሳ ይሄዳሉ። ነዥሜትዲኖቭ በ12ኛው እርምጃ ንግሥቱን ለአንድ ቢሾፕና ለአንድ ፈረስ ሰጠ። ቶሎ የሚያገኘው ሜት አልነበረም። ያየው የጥቁር ወታደሮች መበላሸታቸውን፣ የራሱ ጠጠሮች ደግሞ ቦታ መያዛቸውን ነው። ቀስ ብሎ፣ ተራ በተራ እየሠራ አሸነፈ። አቻ በእጁ ነበር፤ አልፈለገውም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ግራንድ ማስተር ሳይሆን ቀረ? መልሱ ሁለት ነው። ሰው ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ነው የሚያወራው።

አንደኛው በሩ ጠባብ መሆኑ ነው። ፊዴ ግራንድ ማስተር የሚል ማዕረግ በይፋ መስጠት የጀመረው በ1950 ነው። ማዕረጉን ለማግኘት ጠንካራ በሆነ ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ ጥሩ ውጤት ማምጣት ነበረብህ። ለሶቪየት ተጫዋች ደግሞ ወደ ውጭ መውጣት በራሱ ፈቃድ የሚሆን አልነበረም። ማን እንደሚሄድ የሚወስነው የመንግሥት ስፖርት ኮሚቴ ነው። ሠልፉ ረጅም ነው፤ ፊት ያሉት የሞስኮና የሌኒንግራድ ትልልቅ ስሞች ናቸው። የካዛኑ ሰው ተራው እምብዛም አልደረሰውም። በ1954 ቡካሬስት ሲላክ ከቪክቶር ኮርችኖይ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። በዚያው ዓመትም ከግራንድ ማስተር አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው የኢንተርናሽናል ማስተር ማዕረግ ተሰጠው። እስኪሞት የያዘው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ የራሱ አጨዋወት ነው። ይህን መደበቅ እሱንም መበደል ይመስለኛል። ነዥሜትዲኖቭ ጥቃት ካገኘ ማንም አይችለውም። ጥቃት ካላገኘ ግን ሌላ ሰው ነው። በ2022 መቶ ዓመቱን አልፎ የሞተው የሶቪየት ግራንድ ማስተር ዩሪ አቨርባኽ ይህን በግልጽ ተናግሮታል። ጥቃቱን ከያዘ የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ታልን ሳይቀር ሊደመስስ ይችላል፤ እኔ ግን ለጥቃት ዕድል ስለማልሰጠው በሰፊ ልዩነት እበልጠው ነበር ነው ያለው። እውነቱን ነው። በረጅም ውድድር ማዕረግ የሚገኘው አቻ በሚወጣበት ቀን አቻ በመውጣት፣ አሰልቺውን ጨዋታ በትዕግሥት በመያዝ ነው። ነዥሜትዲኖቭ ይህ አልሆነለትም። አንድ ቀን ታሪክ የሚሠራ ጨዋታ ይጫወታል። በማግሥቱ መከላከል ሲገባው ይሸነፋል።

ሚኻይል ታልን ካነሳን አይቀር፣ በ1960 ታል ቦትቪኒክን 12½ ለ8½ አሸንፎ በ23 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ከረዱት ሰዎች አንዱ ነዥሜትዲኖቭ ነበር። ታል መስዋዕት ለመክፈል የሚያስተምረው ሰው አያስፈልገውም ነበር። ለዝግጅት ግን እንደ እሱ የሚያስብ ሰው መረጠ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1961፣ ባኩ ላይ በሶቪየት ሻምፒዮና ተገናኙ። ነዥሜትዲኖቭ ታልን በታል አጨዋወት አሸነፈው። ታልን ሲያሸንፍ የመጀመሪያውም አልነበረም። የዓለም ሻምፒዮን ከሆኑት ውስጥ ቦሪስ ስፓስኪንም አሸንፏል።

እንግዲህ ወደ ማዕረጉ ልመለስ። የሱልጣን ካን ጉዳይ የተለየ ነው። ሱልጣን ካን ከአንድ ባለጸጋ ጋር ከፑንጃብ ወደ እንግሊዝ ሄደ። በ1929፣ በ1932 እና በ1933 የብሪታንያ ሻምፒዮን ሆነ። ካፓብላንካን አሸነፈ። ባለጸጋው ወደ አገሩ ሲመለስ እሱም አብሮ ተመለሰ፤ ቼዙም እዚያው አበቃ። የግራንድ ማስተር ማዕረግ ሲጀመር እሱ ከሰሌዳው ከራቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እሱ በዘመኑ ያልነበረ ነገር ነው የተሰጠው። ነዥሜትዲኖቭ ግን ማዕረጉ ባለበት ዘመን፣ በዚያው ደንብ የተጫወተ ሰው ነው። ደንቡ ያዳላበት ነበር። ራሱም ደንቡ የሚፈልገው ዓይነት ተጫዋች አልነበረም። ዛሬ ማዕረግ ብንጨምርለት ሁለቱንም ታሪክ እናጠፋቸዋለን። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስሙን የሚያገኝ ልጅ «ግራንድ ማስተር ነበር» ብሎ ያልፋል። ዛሬ ግን «እንዴት እንዲህ እየተጫወተ ግራንድ ማስተር ሳይሆን ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ወደ ስፖርት ኮሚቴው፣ ወደ ካዛን፣ ወደ ጦርነቱ ዓመታት፣ ወደ አቨርባኽ ይወስደዋል። እኔንም የወሰደኝ ያው ጥያቄ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቡካሬስት ላይ ነዥሜትዲኖቭ በሚያምር ጨዋታ የረታው ኤንሪኮ ፓኦሊ የሚባል ጣሊያናዊ ነበር። ፊዴ ለፓኦሊ በ1996 የክብር ግራንድ ማስተርነት ሰጠው። ለቼዝ ዕድሜውን ሙሉ የደከመ ሰው ነውና አይበዛበትም። ግን ያን ጨዋታ ዛሬ ከፍቶ የሚያይ ሰው ዓይኑ ያለው በማን ጠጠሮች ላይ ነው?

ማክበር ከፈለግን የሠራው ሌላ ሥራ አለ። ነዥሜትዲኖቭ በእናት ቋንቋው በታታርኛ የቼዝ መማሪያ መጽሐፍ ጽፏል። ሩሲያኛ የቼዝ መጽሐፍ ሞልቶ ነበር፤ እሱ ግን የመንደሩ ልጅ በገዛ ቋንቋው እንዲማር ፈለገ። ይህን ጽሑፍ ስጽፍ እኔም ይህ ነገር ሲሰማኝ ነበር። ፈረስ፣ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ወታደር አልኩ። ቢሾፕና ሩክ ላይ ስደርስ ግን ተውሼ አለፍኩ። አያቶቻችን በሰንጠረዥ፣ በጥንቱ የአገራችን ቼዝ፣ ለእያንዳንዱ ጠጠር የራሳቸው ስም ነበራቸው። ያንን ስም ለልጆች መልሶ የሚያስተምር መጽሐፍ ባይ በጣም ደስ ይለኛል።

ነዥሜትዲኖቭ በሰኔ 1974 ካዛን ውስጥ ሞተ። 61 ዓመቱ ነበር። በከተማዋ የሕፃናት ቼዝ ትምህርት ቤት በስሙ ይጠራል።

ባለፈው እሑድ የ13 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ቤቴ መጣ። የሶቺውን ጨዋታ ከ24ኛው እርምጃ በፊት ባለው ቦታ ደረደርኩለትና «ጥቁር ነህ፣ ተጫወት» አልኩት። ረጅም ሰዓት አሰበ። ንግሥቷን የሚያሸሽበት ቤት እየፈለገ ነበር። በመጨረሻ እጄን ዘርግቼ በሩኩ ወታደሯን በላሁ።

«ንግሥቷስ?» አለኝ፣ ደንግጦ።

የቀሩትን ዘጠኝ እርምጃዎች አንድ በአንድ አሳየሁት። ቢሾፑ ወደኋላ ሲመለስ «ቆይ፣ ቆይ» ብሎ እጄን ያዘኝ። ሰሌዳውን ወደራሱ አዙሮ ከመጀመሪያው ደረደረው።