የማን ልጅ ነው?

«ዘር ከልጓም ይስባል» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ስናማ ነው። አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ ግን ይህንኑ አምነው ሚሊዮን ዶላር የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ሌክሲንግተን ከተማ፣ ኪንላንድ በሚባለው የጨረታ ቦታ፣ በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ ቶሮብሬድ የሚባለው የእሽቅድድም ፈረስ ዝርያ የአንድ ዓመት ውርንጭሎች ዳሌያቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎባቸው ይቀርባሉ። አንዳቸውም ሮጠው አያውቁም። ብዙዎቹ ኮርቻ ምን እንደሆነም ገና አልገባቸውም። ታዲያ ምናቸው ነው የሚሸጠው? ወረቀታቸው!

ወረቀቱ ላይ አባት፣ እናት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ተደርድሯል። ትልቅ ውድድር ያሸነፈ ዘመድ ካለ ስሙ በደማቁ ይታተማል። አባትየው እዚህ ግባ የማይባል ከሆነ ደላላው ወሬውን ወደ እናት ወገን ያዞረዋል። በቅሎም አባትሽ ማነው ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አይደል ያለችው። እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ከዘመድ እንዳንጋባ ነው፤ እነሱ ደግሞ ኖርዘርን ዳንሰር የተባለው ስመ ጥር ድንጉላ በአባትም በእናትም በኩል ቢገኝ ደስታቸው ነው። ለነገሩ የዛሬዎቹ ቶሮብሬዶች በሙሉ፣ ከአባት ወደ አባት እየተቆጠረ ከተሄደ፣ ድሮ ወደ እንግሊዝ ከገቡ ሦስት ድንጉላዎች ላይ ነው የሚያርፉት። ማን ከማን ይሸሻል?

ገዢው ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይዳብሳል፣ ሰኮናውን ያያል፣ «እስቲ አራምደው» ይላል፣ ፊቱን ያጨማድዳል። የወደደውን ፈረስ የጠላ መምሰል የሙያው ግማሽ ነው። ጨረታው ሲጀመር ደግሞ እጅ አውጥቶ የሚጮህ የለም፣ ቅንድብ ነው የሚነቃነቀው።

በ1983 እዚያው ኪንላንድ የኖርዘርን ዳንሰር ልጅ ስናፊ ዳንሰር ቀረበ። የዱባዩ ሼክ መሐመድ ሰዎች በአንድ ወገን፣ እንግሊዛዊው ሮበርት ሳንግስተር በሌላው ሆነው እልህ ተጋቡ። የዋጋ ሰሌዳው የተሠራው ለሰባት አሃዝ ብቻ ስለነበር 10 ሚሊዮን ሲያልፍ ማሳየት አቃተው። ሼኩ በ10.2 ሚሊዮን ዶላር ወሰዱት። ፈረሱ ግን አንድ ውድድር እንኳ ሳይገባ ቀረ፣ ምክንያቱም ቀርፋፋ ነበር። ይሁን፣ ዘሩን እንጠቀምበት ተባለ። እዚያም ነገሩ አልሆነም፣ በዕድሜው የወለደው አራት ብቻ ነው።

ከሩጫው በላይ ገንዘብ ያለው ማራባቱ ላይ ነው። ሰው ሠራሽ ማዳቀል በቶሮብሬድ መዝጋቢዎች ደንብ ክልክል ስለሆነ ባዝራዋ ራሷ ተጭና ወደ ድንጉላው መሄድ አለባት። የታወቀ ድንጉላ ለአንድ ጊዜ መቶ ሺህ ዶላር እና ከዚያም በላይ ያስከፍላል። ስለዚህ ባዝራዋ ፈቃደኛ ካልሆነች ረግጣ ያን የወርቅ እንቁላል እንዳትሰብር፣ አስቀድሞ ሌላ ተራ ፈረስ ይቀርብላታል። እሱ ያሽኮረምማል፣ ያባብላል፣ አንዳንዴም እርግጫውን ይቀበላል። ፈቃዷ ሲታወቅ ግን እሱን በልጓሙ ጎትተው ያስወጡና ባለሚሊዮኑን ያስገባሉ። በዚህ ዓለም በጣም የማዝንለት ሠራተኛ እሱ ነው።

በ2006 ፍሎሪዳ ውስጥ ግሪን መንኪ የተባለ የሁለት ዓመት ፈረስ 16 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሦስት ጊዜ ሮጠ፣ አንዴም አላሸነፈም፣ ያገኘው ሽልማት በጠቅላላ 10,440 ዶላር ነው። እንዲህም ሆኖ ለማራቢያነት ቀረበ፣ ያውም በ5,000 ዶላር! የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃላ።

ጆን ሄንሪ ደግሞ ወገኑ ዝና የሌለው፣ ጠባዩ የከፋ ውርንጭላ ነበርና በ1,100 ዶላር ተሸጠ። በኋላ ከ6.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሸንፎ ገባ፣ በ1981 እና በ1984 የዓመቱ ፈረስ ተባለ። ያኔ ልጁን ለመግዛት ተሰልፈው ነበር እንዳልል፣ ገና በልጅነቱ ጠባዩ እንዲገራ ብለው አኮላሽተውታል።