ስኳሩን ለካችሁ፤ ቁመቱስ?

ዓይነት 1 የስኳር ህመም (ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን ማምረት የሚያቆምበት) ያለበት ልጅ ለክትትል ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስኳሩ ስንት ነው?» ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ስንት ሴንቲሜትር አደገ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። በእኔ እምነት ሁለቱ እኩል ክብደት ይገባቸዋል።

ኢንሱሊንን የምናውቀው ስኳር በማውረዱ ነው። ልጅ ላይ ግን ማሳደግም ሥራው ነው። የእድገት ሆርሞን በጉበት በኩል አይ.ጂ.ኤፍ-1 የተባለውን ንጥረ ነገር ያስመርታል፤ አጥንት የሚረዝመውም በእሱ ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ ጉበት ለሆርሞኑ በደንብ አይታዘዝም። ስለዚህ ኢንሱሊን አንሶት ስኳሩ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የከረመ ልጅ ቁመቱ ይጓተታል፣ ጉርምስናውም ይዘገያል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ሞሪያክ በ1930 እ.ኤ.አ. የገለጸው ይህንኑ ነው፦ ቁመታቸው ያጠረ፣ ጉበታቸው ያበጠ ልጆች። እንዲህ የከፋው ዛሬ ብርቅ ነው። ቀለል ያለው ግን አለ፤ ካልለካነው አናየውም።

ስኳሩ ደህና ሆኖ እድገቱ ከቆመም ዝም አይባልም። የታይሮይድ ችግርና ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት ህመም ከዓይነት 1 ጋር አብረው ይታያሉ፤ እነሱም እድገትን ያጓትታሉ።

ደግሞ ጉርምስና አለ። በዚህ ዕድሜ የእድገት ሆርሞን ይጨምራል፤ ሰውነት ለኢንሱሊን እምቢ ማለት ይጀምራል። ከዚያ በፊት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1 ዩኒት (የኢንሱሊን መለኪያ) ወይም ከዚያ ያነሰ በቀን ይበቃው የነበረ ልጅ፣ አሁን በኪሎ እስከ 2 ዩኒት ሊፈልግ ይችላል። ቤት ውስጥ ግን የሚሰማው «ተደብቀህ ምን በላህ?» ነው። አንዳንዴ እውነትም በልቶ ይሆናል (ጎረምሳ ነው!)። ብዙ ጊዜ ግን ያነሰው የኢንሱሊኑ መጠን ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቁጥሩ እንዲያምር ብለው የልጁን ምግብ የሚቀንሱ ወላጆች አሉ። ስኳሩ ይወርዳል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ልጁ ግን ተርቧል። ልጅ ለእድገቱ የሚበቃውን መብላት አለበት፤ የሚስተካከለው ኢንሱሊኑ ነው። ይህን የሚያጋልጠው የስኳር መለኪያው ሳይሆን የእድገት ሰንጠረዡ ነው። በየሦስት ወሩ ቁመትና ክብደት መለካት፣ ነጥቡንም ሰንጠረዡ ላይ ማስፈር ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። ካልተለካ ወላጅ ራሱ «ይለካልኝ» ይበል።