ፖሊሽ ልገዛ ሄጄ ባል ተጠየቅሁ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ነገ ከጻፍኩት ጨዋ እሆናለሁ፤ ዛሬ ደግሞ ጨዋ መሆን አላሰኘኝም።

ጥቁሯን ታውቋታላችሁ። ቪትዟን። ጥቁር መኪና ምን ዓይነት ጣጣ እንደሆነ ያለው ብቻ ነው የሚያውቀው። ጥላ ስር ስትቆም ምንም የላት። ፀሐይ ሲያርፍባት ግን ኮፈኗ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ይወጣል። ያ ጭረት ከሰማይ አልወረደም። ላቫጆ ነው የሠራው። ጎማ የጠረገበትን ጨርቅ እዚያው ባልዲ ውስጥ ነክሮ ኮፈን ላይ የሚያሳርፍ ልጅ ነው የሠራው። «ወንድሜ፣ ጨርቁን ቀይርልኝ» ስለው «ንጹሕ ነው እኮ» ብሎ እንደገና ነክሮ አሳየኝ። የባልዲው ታች አሸዋ ተኝቶበታል።

የቀረውን የሰፈር ልጆች ጨረሱት። አቧራ ላይ በጣታቸው «እጠቡኝ» ብለው ይጽፋሉ። የኮሪደር ቁፋሮ በኛ በኩል ከጀመረ ወዲህ አቧራው አያልቅም፣ እነሱም ጽፈው አይጠግቡም። አቧራው ታጥቦ ጽሑፉ ይቀራል! ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታት «እጠቡኝ» ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ማን እንደጻፈው አውቃለሁ። እናቱ ዕቁብተኛዬ ናት፤ ምን ልበል?

በወጉ ይሠራ ከተባለ ነገሩ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ጭረቱን የሚፍቅ ኮምፓውንድ። ቀጥሎ ኮምፓውንዱ ጥሎት የሄደውን ጭጋግ የሚያጠራ ፖሊሽ። መጨረሻ ላይ የሚከላከል ሰም። ሦስት ጠርሙስ፣ የተለያየ ስፖንጅ፣ አንድ ሙሉ ቅዳሜ። የኔ ቅዳሜ ደግሞ ወይ ለቅሶ ነው ወይ ክርስትና። ስለዚህ ሦስቱን ባንድ ጠርሙስ የያዘውን፣ ኦል ኢን ዋን የሚባለውን ልገዛ ወሰንኩ።

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ፈሳሹ ውስጥ በጣም የላመ የሚፍቅ ዱቄት አለ፤ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። ቆሻሻ የሚያሟሟ ነገር አለ። ሲወለወል ላዩ ላይ የሚቀር ሰም ወይም ፖሊመር አለ። እርግጥ መፋቁ የኮምፓውንድን ያህል አይሆንም፣ ሰሙም ለብቻው የተቀባ ሰም ያህል አይቆይም። ሥራ የምታመላልስ፣ ደጅ የምታድር መኪና ግን ከዚህ በላይ አትጠይቅም። ሌሊት ዩቲዩብ ላይ የማቃጥለውን ዳታ ታውቃላችሁ፤ ይሄን ሁሉ አጥንቼ ነው የወጣሁት።

ጣጣው «ሁሉን በአንድ» ተብሎ የተጻፈበት ጠርሙስ ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። አንዱ የምር ይፍቃል። ሌላው ግን ዘይትና ሰም ጭረቱ ውስጥ ሞልቶ ይሸፍነዋል። ለሳምንት ያብለጨልጫል፤ ትንሽ ሲታጠብ ድሩ ብቅ ይላል። ስለዚህ ገዢ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይፍቃል ወይስ ይሸፍናል? ይህችን ጥያቄ ይዤ መርካቶ ወረድኩ። ሶማሌ ተራ።

ሱቁን አልጠራም። ባለሱቁ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ጥርሱን ይፍቃል። አጠገቡ ሦስት ወንዶች ቆመዋል። አይገዙም፣ አይሸጡም። በየመለዋወጫ ሱቁ እንዲህ የሚቆሙ ሰዎች አሉ፤ ማን ቀጥሯቸው እንደሆነ እንጃ።

«የኔ ቆንጆ፣ ምን ልታዘዝ?»

ፖሊሽ አልኩት። አንድ ጠርሙስ ከላይ አወረደ። «ይሄ ሁሉንም ይሠራል። ጭረት፣ ፖሊሽ፣ ዋክስ፣ ዳሽቦርድ፣ ጎማ።»

ዳሽቦርድ? ቀለም የሚፍቅ ነገር ዳሽቦርድ ላይ? ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ሲደርቅ እኮ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ በጥርስ ብሩሽ ሲፈተግ ይከርማል። ቢሆንም በትሕትና ጠየቅሁ። «ወንድሜ፣ ይፍቃል ወይስ ይሸፍናል?»

መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «አልገባኝም፣ እህቴ።»

«የሚፍቅ ነገር አለው ወይ? ጭረቱን ያነሳዋል ወይስ ሞልቶ ይደብቀዋል?»

«ጭረት ያጠፋል አልኩሽ እኮ።»

«እንዴት ነው የሚያጠፋው?»

«ማዘር፣ ትቀቢዋለሽ፣ ይጠፋል።»

ማዘር! ስገባ የኔ ቆንጆ ነበርኩ። በሁለት ጥያቄ አረጀሁ።

ጠርሙሱን ገልብጬ ጀርባውን ሳነብ «ካርናውባ» የሚል አየሁ። «እሺ፣ ሰም አለው» አልኩ ለራሴ። ሰማኝ። «ካርናውባ ካምፓኒው ነው» አለኝ። «ኦሪጅናል ነው፣ የጣሊያን።»

ወገኖቼ፣ ካርናውባ ዛፍ ነው። ብራዚል የሚበቅል ዘንባባ። ሰሙ የሚገኘው ከቅጠሉ ነው፤ ቅጠሉን አድርቀው አራግፈው ያወጡታል። ከ80 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ አይቀልጥም፤ የሚወደደውም ለዚህ ጥንካሬው ነው። ይሄን ልነግረው አፌን ስከፍት ከሦስቱ አንዱ ቀደመኝ።

«መኪናው ምንድነው?»

«ቪትዝ።»

ሳቁ። ሦስቱም። «ቪትዝ ነው እንዴ! እኛ ደግሞ ቪ8 መስሎን!»

ባለሱቁ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ድምፁን አለስልሶ፣ ያዘነልኝ መስሎ፣ «በቃ ባልሽን ላኪው፣ ለሱ አስረዳዋለሁ» አለኝ።

ባሌን! ሊብሬው ላይ ያለው ስም የኔ ነው። ቦሎ የማሳድሰው እኔ። ነዳጅ ሰልፍ ላይ የማንቀላፋው እኔ። እስቲ ባል ቢኖረኝስ፣ ያ ሰውዬ ስለ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ከየት ያመጣል? የገዛ ወንድሜ ስንት ዘመን የነዳ ሹፌር ነው፤ መኪናውን በናፍጣ አስወልውሎ «አየሽ እንዴት እንዳበራ» ይለኛል። አቧራው ናፍጣው ላይ ተለጥፎ ማታ ሌላ ቀለም ይዞ ይገባል። ለሱ ግን ማንም «ሚስትህን ላካት» ብሎት አያውቅም።

ባለፈው የቦሎ ምርመራ ላይም እንደዚሁ ነው። መሪውን ይዤ ተቀምጬ፣ ሰውዬው ስለ ፍሬኑ የጠየቀው ጋቢና ያለውን የአክስቴን ልጅ ነው። ልጁ ገና ሃይስኩል ነው። ያውም መለሰለት! «ትንሽ ይሳባል» አለ። ከመቼ ወዲህ ነድቶ?

ደግሞ ቪትዝ ብትሆንስ? የነዳጅ መኪና ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ተከልክሏል። ያቺን ቪትዝ ዛሬ ሸጬ መልሼ ልግዛት ብል አልችልም። ቪ8 ያለው ሰው ቀለሙ ቢበላሽ ያስቀባል። እኔ ነኝ ክሊሯን፣ ከቀለሙ በላይ ያለውን ግልጽ ሽፋን፣ መቆጠብ ያለብኝ።

ሌላ ሱቅ ሄድኩ። እዚያ ያለው ልጅ ቢያንስ አልሰደበኝም። «ይፍቃል?» ስለው «በደንብ!» አለ። «ይሸፍናል?» ስለው «በደንብ!» አለ። ዋጋውን ስሰማ ክው አልኩ። «ዶላር ነው እህቴ» አለኝ። ዶላር ከመጨመሩ በፊት የገባ ዕቃ እንደሆነ ጠርሙሱ ላይ ያለው አቧራ ይመሰክራል። ደክሞኝ ነበር። ከፍዬ ወጣሁ።

አሁን ደግሞ የቀቢው ነገር። ፖሊሽ በማሽን ሲሠራ ነው ሥራውን የሚያሳየው። ላቫጆ ጎራ ብዬ «ማሽን አላችሁ?» አልኩ። «አለን!» ልጁ ሮጦ ይዞ መጣ። ግራይንደር። ብረት የሚቆርጡባት ትንሿ ግራይንደር፣ ጫፏ ላይ ስፖንጅ ታስሮባት።

እግዚኦ።

የፖሊሽ ማሽን በደቂቃ ከ600 እስከ 3,000 ጊዜ ቢዞር ነው። ግራይንደር ወደ 11,000 ትዞራለች። ከቀለሙ በላይ ያለው ክሊር ደግሞ ከ30 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የራስ ፀጉር እንኳ ወደ 70 ይደርሳል። ያንን ነው በግራይንደር ሊነካልኝ የመጣው። የኮፈኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ከቆየ ክሊሩ አልቆ ቀለሙ ይበላል። ክሊር አንዴ ከሄደ ደግሞ በፖሊሽ አይመለስም። ይሄ ከተማ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለው፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ያህል እየጨመረ ይሄዳል። ክሊር የሌለው ቀለም እዚህ ፀሐይ ላይ ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ የአሮጌ ታክሲ ጣሪያ ይይ።

ይሄን በአጭሩ ነገርኩት። «እህቴ፣ በዚህ ስንት ቪ8 ሠርቻለሁ» አለኝ።

ደግሞ ቪ8! ዛሬ ቪ8 የሌለው ሰው አይናገርም ወይ?

ልጁ ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብሎ ሊያፈስ ሲል ነው የደረስኩበት። ኮፈን ሙሉ ሊያፈስባት! በጠራራ ፀሐይ፣ እንቁላል በሚጠብስ ኮፈን ላይ! አራት አምስት ጠብታ ስፖንጁ ላይ አድርገህ፣ ጥላ ስር፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ያህል ቦታ እየያዝክ ነው የሚሠራው። የጋለ ቆርቆሮ ላይ ወዲያው ደርቆ ይለጠፋል። ቀምቼው ወጣሁ። ከኋላዬ «ይቺ ሴትዮ ታማለች» ሲል ሰምቼዋለሁ። ሰምቼሃለሁ፣ ወንድሜ።

ቤት ገባሁ። ግቢ ውስጥ ላጥባት ቧንቧ ስከፍት አከራዬ በመስኮት ብቅ አሉ። «ልጄ፣ ውሃው እኮ በፈረቃ ነው።» ልክ ናቸው፣ ምንም አይባሉም። በባልዲ አጠብኳት። ኮፈኗን መሐል ላይ በወረቀት ፕላስተር ከፍዬ አንዱን ወገን ብቻ በእጄ ሠራሁት። ክንዴ እስኪደነዝዝ አሸሁ። ከዚያ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ወለወልኩት። ልንገራችሁ፣ አበራ! ፊቴን አየሁበት። ከጎን በስልኬ መብራት ባበራበት ድር የለም። ልዘፍን ምንም አልቀረኝ።

ግን ዩቲዩብ ላይ የተማርኩት አንድ ፈተና አለ። አልኮል ነው። የተሞላው ዘይት በአልኮል ይነሳና እውነቱ ይወጣል። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ አልኮል ቁምሳጥን ውስጥ ነበረኝ። ጨርቅ ላይ አድርጌ ጠረግኩት።

ድሩ መጣ። ሁሉም አይደለም፣ አብዛኛው ግን መጣ። «እጠቡኝ» ከሚለው ላይ «እ» ጠፍታለች፤ የቀረውን አላነብላችሁም።

«በእጅ ስለሠራሽው ነው፣ በማሽን ቢሆን» የምትሉ አላችሁ። አውቃለሁ፣ እጅ የማሽንን ያህል አይፍቅም። ማሽኑን ግን አየነዋ! «በደንብ» ያለኝ ልጅስ? የሸጠልኝ ለሳምንት የሚያበራ ዘይት ነው። ሠርግ ላለበት ሰው ግሩም ነው። ለኔ ምን ያደርግልኛል?

የሚያናድደኝ እኮ የሚፍቅ ጠርሙስ መኖሩ ነው። ሠሪዎቹ አንዳንዶቹ ምን ያህል እንደሚፍቅ በቁጥር ይጽፉበታል፤ ፍቀቱ ይሄን ያህል፣ ማብለጭለጩ ይሄን ያህል፣ መከላከሉ ይሄን ያህል ብለው። እዚህ ያ ጽሑፍ ያለበት ላይ የዋጋ ተለጣፊ ይለጠፍበታል። አንስቼ ላንብብ ስል «አይላጥም ማዘር» ይሉኛል።

ከዲሲም ከዱባይም ለበዓል የምትመጡ፣ ዘንድሮ ሽቶ አልፈልግም። ቸኮሌትም አልፈልግም። የሚፍቅ ኦል ኢን ዋን፣ ደህና ስፖንጅ፣ ካላስቸገርኳችሁ ደግሞ እየተንቀጠቀጠ የሚዞረውን ባለ ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ ማሽን። በጥፍር ስዳስሰው የሚይዘኝን የበሩን ጭረት ተዉት፤ እሱን ፖሊሽ አያነሳውም፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

ኮሜንት ላይ «ሴራሚክ አስደርጊበትና ተገላገይ» የሚል ሰው ግን ብሎክ ነው። ሴራሚክ ከመቀባቱ በፊት ጭረቱ መፋቅ አለበት፣ አለዚያ ድሩን አትሞ ነው የሚያስቀምጠው። ያውም ኦል ኢን ዋን በነካው ቀለም ላይ ሰሙ ካልተነሳ በደንብ አይዝም። አስደርጊ የምትሉኝ፣ መጀመሪያ ግራይንደር ያልያዘ ቀቢ ፈልጉልኝ።